የፍሬን ብሎንና ስያሜዎቹ፦ ከሐዋሳ የሞተር ብስክሌት ጥገና ቤቶች የተገኘ የቃላት ታሪክ

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እጅግ ጠባብ የሆነ የቃላት መስክ ነው፤ ይኸውም በሞተር ብስክሌት የፍሬን ክፍሎች ላይ የሚገኙትንና ለመፈታት እምቢ የሚሉትን ብሎኖች፣ እነርሱን ለማውጣትና በሌላ ለመተካት የሚያገለግሉትን መሣሪያዎች፣ የእነዚህንም ሁሉ ስያሜዎች ነው። መስኩ የጠበበው ሆን ተብሎ ነው። ስለ ቴክኒክ ቃላት በጠቅላላው ሲነገር ሁሉም ሰው ከሁሉም ጋር ይስማማል፤ አራት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ብሎን ፊት ለፊት ሲቀመጥ ግን የቃሉ ልክ መሆንና አለመሆን በእጅ ይዳሰሳል።

መረጃው የተሰበሰበው በሐዋሳ ከተማ ነው። ሐዋሳ በሐይቅ ዳር የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ብስክሌት፣ ሞተር ብስክሌትና ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ይበዙባታል። ይህ ጸሐፊ በልዩ ልዩ ጊዜ በጥገና ቤቶቹ በር ላይ ተቀምጦ ያዳመጠው ንግግር በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአማርኛ ወደ ሲዳምኛ፣ ከሲዳምኛም ወደ ወላይትኛ ይሻገራል። የማይሻገረው የመሣሪያው ስም ነው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ የሚሉት ቃላት በየትኛውም ቋንቋ መካከል እንዳሉ ይቀመጣሉ። ሁሉም መነሻቸው ጣሊያንኛ መሆኑ ለቋንቋ ባለሙያ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ ነገር ሊሆን የሚችለው የከተማዋ ዕድሜ ነው።

ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አገረ ገዥ በነበሩበት ጊዜ ነው። የጣሊያን ወረራ ያበቃው በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ በሁለቱ መካከል ሃያ ዓመት ያህል አለ ማለት ነው። እንግዲህ ካቻቪቴ የሚለው ቃል ሐዋሳ የገባው በጣሊያን ወታደር ወይም በጣሊያን መሐንዲስ አፍ አይደለም። ከአሥመራ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከሞጆና ከሻሸመኔ በመኪና መንገድ ተከትለው በመጡ ኢትዮጵያውያን መካኒኮች አፍ ነው። እነዚህ ሰዎች ቃሉን ለረዳቶቻቸው ሲያስተምሩ የሙያቸውን ቃል አስተማሩ እንጂ ጣሊያንኛ አላስተማሩም። ስለዚህ ብድር ቃላትን «ገና ያልተለመዱ እንግዶች» አድርጎ የሚቆጥር መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቢያንስ በዚህች ከተማ ተሳስቷል፤ ቃላቱ ከከተማዋ ይልቅ በዕድሜ ይበልጣሉ።

የብድሩን ደረጃዎች ለመለየት ግን ከጣሊያን ዘመን ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የአገራችን አንጥረኛ መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ መሮና ወናፍ ነበረው፤ ስሞቹም የራሳችን ናቸው። ብረትን ከብረት ጋር የሚያያይዘው በመቀጥቀጥ፣ በማጋልና በሚስማር እንጂ በማዞር አልነበረም። ጥርስ ያለው፣ እየዞረ የሚገባና እየዞረ የሚወጣ ማያያዣ በብዛት ወደ አገራችን የገባው ከጠመንጃ ጋር ይመስላል። ለዚህ ምስክር የሚሆነን አንድ ስያሜ አለ፤ ካቻቪቴን አንዳንድ ሽማግሌዎች «ጠመንጃ መፍቻ» ይሉታል። ስያሜው ከመኪና በፊት የነበረውን ዓለም ይዞ ቀርቷል፤ መሣሪያው ያን ጊዜ ሌላ የሚፈታው ነገር እምብዛም አልነበረውምና።

ሁለተኛው ደረጃ የባቡር ሐዲድ ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የታየው በ1900 ዓ.ም. ነው። ሾፌር እና ጋራዥ የሚሉት ቃላት የፈረንሳይኛ መሆናቸው አያከራክርም። «ፍሬን» ግን ያከራክራል። በፈረንሳይኛ ቃሉ በአፍንጫ በሚነገር አናባቢ ያበቃል፤ በጣሊያንኛ «ፍሬኖ» ነው። ከጣሊያንኛ የወሰድናቸው ቃላት የመጨረሻ አናባቢያቸውን በአብዛኛው ጠብቀው እናገኛቸዋለን፤ ዳዶ፣ ጎማ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ካቻቪቴ። ፍሬን የጣሊያንኛ ቢሆን ኖሮ «ፍሬኖ» ብለን በጠራነው ነበር። በዚህ ምክንያት ይህ ጸሐፊ ቃሉን ለፈረንሳይኛ፣ ማለትም ለሐዲዱ ዘመን ይሰጠዋል።

ይሁን እንጂ ይኸው መመዘኛ በ«ብሎን» ላይ ሲሞከር አይሠራም። ፈረንሳይኛው «ቡሎን»፣ ጣሊያንኛው «ቡሎኔ» ነው። የመጨረሻው አናባቢ ስለሌለ ፈረንሳይኛ ነው ብንል፣ «ፍሪሲዮን» የተባለው ቃል ያፈርስብናል፤ እርሱ ያለ ጥርጥር ከጣሊያንኛ «ፍሪሲዮኔ» የመጣ ሆኖ መጨረሻውን ጥሏልና። ፈረንሳዮች ያንኑ ክፍል የሚጠሩት በሌላ ቃል ነው። እንግዲህ በ«ኦኔ» የሚያልቁ የጣሊያንኛ ቃላት መጨረሻቸውን መጣል ይችላሉ፤ በ«ኦ» የሚያልቁት ግን አይጥሉም። ብሎን ከሁለቱም በኩል ሊመጣ ይችላል። ጣሊያኖችም ቃሉን ራሳቸው ከፈረንሳይኛ የተበደሩት ስለሆነ ክርክሩ በመጨረሻ ያው አንድ በር ላይ ያደርሰናል።

ከስሞቹ ይልቅ ግሦቹ ያስደንቃሉ። ስም ተበድረናል፤ ግሥ ግን አልተበደርንም። ብሎን «ይታሰራል»፣ «ይፈታል»፣ «ይጠብቃል»፣ «ይላላል»። እነዚህ ሁሉ የገመድ ግሦች ናቸው። ጭነት በአጋሰስ ላይ የሚያስር ሰው፣ ቀንበር የሚጠፍር ገበሬ፣ ጥጥ የሚፈትል ሰው የሚናገራቸው ግሦች ሳይለወጡ ወደ ብረቱ ተሻገሩ። በጣሊያንኛ «ቪቴ» ማለት ብሎን ብቻ ሳይሆን የወይን ሐረግ ጭምር ነው፤ የሐረጉ ጅማት እየተጠማዘዘ ስለሚይዝ ብረቱ በእርሱ ስም ተጠራ። እነርሱ ከወይን፣ እኛ ከገመድ ተነሥተን አንድ ቦታ ተገናኝተናል ማለት ይቻላል። የተበላሸ ብሎን ሲገጥምም ግሡ ከአገር ቤት ነው፤ ሳይፈታ ሲቀር «ያዘ» ወይም «እምቢ አለ»፣ ራሱ ወይም ጥርሱ ሲጠፋ «ተበላ» ይባላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ለዚህ ጸሐፊ ያን ያህል ምቹ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለሙያ ማሠልጠኛ የሚሆን የሞተር ብስክሌት ጥገና መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንዲመልስ ተጠይቆ ነበር። በመሪው ላይ፣ ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ የተቀመጠችውን የፍሬን ፈሳሽ መያዣ ክዳን ስለ መክፈት በሚያወሳው አንቀጽ፣ ክዳኑን የያዙትን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች «በባለ መስቀል ካቻቪቴ ይፈቱ» ብሎ ጻፈ። የአማርኛው ዐረፍተ ነገር እንከን አልነበረበትም። ከጊዜ በኋላ በሐዋሳ አንድ ጥገና ቤት የዚያው መመሪያ ቅጂ በዘይት ተነክሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ባለሙያው ተርጓሚው ማን እንደሆነ ሲያውቅ ገጹን ገለጠና፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ስታር አይደለም። ስታር ይመስላል እንጂ የጃፓን ነው። በዚህ ቃል ስንት ክዳን ቆረጥን!» አለ። ቀጥሎም መስቀሉ ተበልቶ ክብ ጉድጓድ ብቻ የቀረበትን አንድ ብሎን ከቆርቆሮ ሣጥን አውጥቶ በእጁ ላይ አኖረለት።

ልጁ የተናገረው እውነት መሆኑ በቴክኒክ መጻሕፍትም የታወቀ ነው። በጥገና ቤቶች በጠቅላላው «ስታር» የሚባለው ባለ መስቀል ራስ ከአንድ በላይ ዓይነት አለው። በዓለም የተስፋፋው ዓይነት በአሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ ስም የሚጠራው ሲሆን የፈጠራ መብቱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ በዚያው ዓመት ካዲላክ በተባለው አውቶሞቢል ሥራ ላይ ዋለ። የዚህ መስቀል ጎኖች ጋደል ያሉ ናቸው። ካቻቪቴው ከመጠን በላይ ሲጠመዘዝ ጫፉ ከመስቀሉ ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተትም የመስቀሉን ጠርዝ ይበላል። ጃፓኖች በኢንዱስትሪ ደረጃቸው የወሰኑት መስቀል ደግሞ ለዓይን ከዚህ ጋር አንድ ቢመስልም የማዕዘኑና የጥልቀቱ ልክ ይለያል። በጃፓኑ መስቀል የፊሊፕስ ካቻቪቴ ሲገባ ጫፉ ታች ሳይደርስ ጎኖቹ ላይ ይንጠለጠላል። ብዙውን ጊዜ የጃፓኑ ብሎን ራሱ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ትኖረዋለች። ያማሃ፣ ሆንዳና ሱዙኪ ወደ አገራችን የገቡት እነዚህን ብሎኖች ይዘው ነው፤ የብሎኑ ስም ግን አብሮ አልገባም። የጣሊያኑ መኪና ከነቃላቱ መጣ፤ የጃፓኑ ሞተር ብስክሌት ግን ለአዲሱ ነገር የቀድሞውን ስም ወረሰ።

የፍሬን ክፍል በተለይ የሚታወስበት ምክንያት አለ። የፈሳሹ መያዣ ከአሉሚኒየም፣ ብሎኖቹ ከብረት የሚሠሩ ሲሆኑ ሁለቱ የተለያዩ ማዕድናት እርጥበት ባለበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላና ነጭ ዱቄት ፈጥሮ የብሎኑን ጥርስ አጥብቆ ይይዛል። የፍሬን ፈሳሹም ከአየር እርጥበት የሚስብ ነው፤ በክዳኑ ሥር ትንሽ ካመለጠ ቀለሙን ልጦ ብረቱን ለዝገት ያጋልጣል። ብሎኖቹ አጫጭርና ለስላሳ ናቸው። ክዳኑ ደግሞ የሚከፈተው አልፎ አልፎ፣ ፈሳሹ ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት ሳይነካ የቆየ ብሎን ተሳስቶ በገባ ካቻቪቴ ሲጠመዘዝ የሚሆነው ይታወቃል።

በጥገና ቤቱ የሚደረገውን ሥራ በቅደም ተከተሉ ማስፈር ለተርጓሚ ይጠቅማል፤ እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ቃል አለውና። ባለሙያው አስቀድሞ የመስቀሉን ጉድጓድ በስለታም ነገር ጠርጎ ያጸዳል። ልኩ የሆነውን ካቻቪቴ ካስገባ በኋላ እጀታውን በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል፤ ምቱ በጥርሶቹ መካከል የደረቀውን ዝገት ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ወዲያው አይፈታም። በመጀመሪያ እንደ ማጥበቅ አድርጎ በጥቂቱ ይገፋዋል፤ ከተንቀሳቀሰ ብቻ ወደ መፍታት ይመለሳል። የሚመታ ካቻቪቴ፣ ማለትም በመዶሻ ሲመታ የሚዞረው ዓይነት፣ ለጎማ ቤትና ለሞተር ክዳን ቢጠቅምም በመሪ ላይ ለተሰቀለው ቀጭን አሉሚኒየም አደገኛ ነው፤ ከሥሩ የሚደግፈው ካልተደረገለት ጆሮውን ይሰብራል። ዝገት የሚያላላ ዘይት መርጨትም በፍሬን ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ወደ ፍሬኑ ሸራ ወይም ወደ ፈሳሹ ከደረሰ ከብሎኑ የባሰ ጉዳት ያመጣል።

መስቀሉ ከተበላ ያለው መንገድ አጭር ነው። በብሎኑ ግንድ ልክ፣ ማለት አራት ሚሊሜትር በሆነ መሰርሰሪያ ራሱ ብቻ ይበሳል፤ ራሱ ሲለይ ክዳኑ ያለ ችግር ይነሣል፤ የቀረው ግንድ ብቅ ብሎ ስለሚታይ በፒንሳ ተይዞ ይወጣል። ክዳኑ ሲነሣ ውጥረቱ ስለሚጠፋ ያን ያህል ያስቸገረው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ በጣት ብርታት ይዞራል። የብረት ብናኝ ከገባ ፈሳሹ በሙሉ ይደፋል። በምትኩ የሚገባው ብሎን ውፍረቱ፣ የጥርሱ ርቀትና ርዝመቱ ከቀድሞው ጋር መመሳሰል አለበት። እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ የቃል ጉዳይ ይነሣል። አናጺው «ቪቴ» የሚለው፣ ጫፉ ሾሎ የራሱን መንገድ እየቀደደ የሚገባው ነው፤ «ብሎን» ግን በተዘጋጀለት ጥርስ ውስጥ ወይም በዳዶ የሚታሰር ነው። በእጅ ባገኘው ቪቴ የፍሬን ክዳን የሚያስር ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ለዘለቄታው ያጠፋዋል። ጥገና ቤቱ ይህን ልዩነት በሁለት ቃል ጠብቆታል። ብዙዎቻችን ተርጓሚዎች ግን የእንግሊዝኛውን ሁለት ቃል በአንድ «ብሎን» እየጠቀለልን ስናልፈው ኖረናል።

ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሁለት ሌሎች የፍሬን ስያሜዎች መሻገር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በቃል ፍቺ ሲመዘኑ ስሕተት ናቸው፤ ስሕተታቸው ግን እኩል አይደለም።

አንደኛው «የፍሬን ሸራ» ነው። በዛሬው ሞተር ብስክሌት ውስጥ ሸራ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው በሙጫ የተጋገረ ጠንካራ ዱቄት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1897 ኸርበርት ፍሩድ የተባለ እንግሊዛዊ የፈጠረው የፍሬን ልባስ ከጥጥ የተሠራ ሲሆን በኋላም በአዝቤስቶስ የተሸመነ ጨርቅ ተተካ። የድርጅቱ ስም ፌሮዶ በጣሊያንኛ የዕቃው የጋራ ስም እስከ መሆን ደርሷል። የእኛ ሰዎች ግን ፌሮዶን አልወሰዱም። በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ የቀድሞው መካኒክ በእጁ የያዘው ነገር ሽመናው የሚታይ ወፍራም ጨርቅ ስለነበረ ከድንኳኑ ጋር አመሳስሎ «ሸራ» አለው። ዕቃው ተለወጠ፤ ቃሉ ቀረ። ማንም ሰው «ሸራ» ስለተባለ ብቻ ድንኳን ቀዶ በፍሬን ውስጥ አያስገባም። ስለዚህ ቃሉ መነካት የለበትም።

ሁለተኛው «የፍሬን ዘይት» ነው። በብዛት የሚሠራባቸው ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት ፈሳሾች ከግላይኮል ውሕዶች የሚገኙ ናቸው እንጂ ዘይት አይደሉም። በፍሬኑ ውስጥ ያሉት የጎማ ማኅተሞች የተመረጡት ለዚሁ ፈሳሽ ነው፤ የሞተር ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ካበጡ ፍሬኑ ወይ ይዞ ይቀራል ወይ መያዝ ያቆማል። እንግዲህ ክዳኑን በብዙ ድካም የከፈተ ጀማሪ ረዳት መያዣው ጎድሎ ሲያገኘውና ስሙ «ዘይት» መሆኑን ሲያስታውስ፣ አጠገቡ ካለው የሞተር ዘይት ቢጨምር ጥፋቱ የማን ነው? ቃሉ አዞታል። በጠቀስነው መመሪያ ውስጥ «የፍሬን ዘይት» የሚለውን አሥራ አንድ ጊዜ የጻፈው ይኸው ጸሐፊ ነው፤ አንድም ቦታ ማስጠንቀቂያ አላከለበትም።

በስያሜ ሥራችን የተለመደው ቅደም ተከተል፣ አስቀድሞ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በግእዝና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መፈለግ፣ ካልተገኘ ወደ ውጭ ቃል መሻገር ነው። ቅደም ተከተሉ የቃልን ትውልድ ይመለከታል። ከላይ ያየናቸው ምሳሌዎች ግን ሌላ መመዘኛ ያስፈልገናል ያሰኛሉ፤ ይኸውም ቃሉን የሰማው እጅ ቀጥሎ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። በዚህ መመዘኛ ባዕዱ «ቪቴ» ያልፋል፤ «ሸራ»ም ያልፋል፤ ንጹሕ የአገር ቤት ቃል የሆነው «ዘይት» ይወድቃል። «ፍሬን»ን «ልጓም» እንበለው የሚል ሐሳብ በአንድ ወቅት ከባልደረባ ሰምተናል። ውብ ነው፤ ግን በሐዋሳ መንገድ ላይ «ልጓም ያዝ!» የሚል ጩኸት ሰምቶ በጊዜ የሚቆም ባለ ሞተር አይገኝም።

በዚህ መሠረት ለሚቀጥለው የቃላት ካርድ የሚከተለው ይቀርባል። «ብሎን» በተዘጋጀ ጥርስ ወይም በዳዶ ለሚታሰረው፣ «ቪቴ» ራሱ ቀድዶ ለሚገባው ይለዩ። «የፍሬን ፈሳሽ» ዋና ቃል ይሁን፤ «የፍሬን ዘይት» የሚለው ልማድ ስለሆነ ከመዝገቡ አይሰረዝ፣ ግን «ዘይት አይደለም» ከሚል ማስገንዘቢያ ጋር ወደ ዋናው ይመልስ። «ስታር» ለሁለቱም ባለ መስቀል ራሶች የወል ስም ሆኖ ይቆይ፤ በሥሩም «የፊሊፕስ ስታር» እና «የጃፓን ስታር» ይግቡ። ሁለተኛው የዚህ ጸሐፊ ፈጠራ አይደለም፤ መመሪያውን ያረመው የሐዋሳው ባለሙያ እንዲሁ ብሎ ይጠራዋል።

ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር ይቀራል። ካቻቪቴ በብዙ ሰው አፍ «ካቻቢቴ» ነው፤ በደረሰኝና በሱቅ ማስታወቂያም እንዲሁ ተጽፎ ይገኛል። ከድምፅ ሥርዓታችን አንጻር «ቢ» ማለት ምንም ነውር የለበትም። ነገር ግን ቃሉ በጣሊያንኛ ከ«ካቻ» እና ከ«ቪቴ» የተገጠመ፣ ቪቴ ነጂ ማለት ነው። በ«ቢ» ከተጻፈ አናጺው በየቀኑ ከሚጠራው «ቪቴ» ጋር ያለው ዝምድና ይሰወራል። ስለዚህ በካርዱ ላይ ዋናው አጻጻፍ በ«ቪ» ሆኖ፣ «ካቻቢቴ» ወደ እርሱ የሚመራ ተለዋጭ ተብሎ እንዲመዘገብ፣ «ጠመንጃ መፍቻ»ም ከነታሪኩ በዚያው ሥር እንዲገባ ይጠየቃል።